በጣት የሚጠራ ድምፅ፤ ለመድረክ የሚሆን መሣሪያ በአነስተኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

በሠርግ አዳራሽ ወይም በሆቴል ምሽት ላይ ተገኝቶ ሙዚቃ ያዳመጠ ሰው ምናልባት አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። በመድረኩ ላይ የቆሙት ተጫዋቾች አምስት ብቻ ሆነው ሳለ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲቃረብ የሃያ ሴቶች እልልታ ይሰማል፤ ከበሮ ሳይታይ ከበሮ ይመታል፤ ዋሽንት የያዘ ሰው ሳይኖር ዋሽንት ይነፋል። አድማጩ ዓይኑን ወደ መድረኩ መልሶ ቢፈልግ የሚያየው፣ ድራም ተጫዋቹ ወይም ኪቦርድ ተጫዋቹ አንዲት የላስቲክ ገበታ በዱላው ወይም በጣቱ ነካ ሲያደርግ ብቻ ነው።

ይህ ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጾ፣ ተቈርጦና ተስተካክሎ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ድምፅ ነው፤ ሙያተኞቹ «ሳምፕል» ይሉታል። የላስቲኩን ገበታ ደግሞ «ፓድ» ይሉታል። ፓዱ ሲመታ ሳምፕሉ ወዲያውኑ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምሥጢርም ጥንቈላም የለበትም።

በየዩኒቨርሲቲው ግቢና በየመሥሪያ ቤቱ ከትምህርት ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ ተሰባስበው የሚጫወቱ ወጣቶች ዛሬ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕቁብ የሚገቡለትም አይጠፉም። ወደ ሱቅ ሲሄዱ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ይዞላቸው እንዲመጣ ሲጠይቁ ግን የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ በፊት መቅደም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም በመድረክ ላይ ማን ማንን ይከተላል? የሚለው ነው። ተጫዋቹ መሪ፣ መሣሪያው ተከታይ እንዲሆን የሚፈልግ ቡድን ርካሹ መሣሪያ ይበቃዋል። ዋጋው የሚንረው መሣሪያው መሪ እንዲሆን ሲፈለግ ነው፤ በዚያን ጊዜም ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ሙዚቃውም አብሮ ይጐዳል።

ድምፅን ቀርጾ በመድረክ ላይ መልሶ የመጥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። (ለብቻው ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ1963 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሜሎትሮን የተባለ መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። መልኩ እንደ ኦርጋን ሲሆን ከያንዳንዱ ቁልፍ በታች አንዳንድ የቴፕ ክር ተዘርግቶበታል። ቁልፉ ሲጫን ክሩ እየተሳበ የተቀረጸውን ፍሉት ወይም ቫዮሊን ያሰማል፤ 8 ሴኮንድ ያህል እንደ ሄደ ያልቃል፤ ጣት ሲነሣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢትልስ የተባሉት ሙዚቀኞች በ1967 ባወጡት «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው ፍሉት ከዚሁ መሣሪያ የወጣ ነው። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ግን መሣሪያው የአባሎቼን እንጀራ ይወስዳል ብሎ ሠጋ። ወደዚህ ሥጋት ኋላ እንመለስበታለን።

በ1979 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የተሠራው ፌርላይት ክሩን ትቶ ድምፅን ወደ ቍጥር በመለወጥ በኮምፒዩተር ሚሞሪ ውስጥ አስቀመጠ። ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ስለ ነበረ የገዙት ታላላቅ ስቱዲዮዎችና ሀብታም ሙዚቀኞች ብቻ ነበሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢንሶኒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሚራዥ የተባለውን ኪቦርድ በ1,695 ዶላር ሲሸጥ በሩ ጥቂት ገርበብ አለ። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 ደግሞ በጠቅላላው የሚይዘው 10 ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። የኒውዮርክ ወጣቶች ግን በዚህች 10 ሴኮንድ ተአምር ሠሩባት፤ ሸክላውን ሆን ብለው በፈጣኑ ዙር እያጫወቱ ይቀርጹና ድምፁ ጥቂት ቦታ ብቻ ከያዘ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። በ1988 ሮጀር ሊን የነደፈው የአካይ ኩባንያ ኤምፒሲ 60 በ4 ረድፍ የተደረደሩ 16 ፓዶች ይዞ መጣ፤ ዋጋው 5 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ በየመሣሪያው ላይ የምናያቸው 16 ካሬዎች ዘራቸው ከዚያ ነው። በ2018 የስዊድኑ ቲንኤጅ ኢንጂኒሪንግ ኪስ የምትገባ ፒኦ 33 የተባለች መሣሪያ በ89 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ የምትይዘውም 40 ሴኮንድ ነው። እንግዲህ ከ20 ሺህ ዶላር ወደ 89 ዶላር ለመውረድ አርባ ዓመት እንኳ አልፈጀም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አምስት አባሎች ያሉትን አንድ ቡድን እናስብ፤ ድምፃዊ፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና ማሲንቆ። በአንድ ምሽት 12 ዘፈን ይጫወታሉ እንበል። ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ደብተር አውጥተው፣ ከያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ እነርሱ ራሳቸው ሊያወጡት የማይችሉትን ድምፅ ይጻፉ። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የከበሮ ምት፣ የዋሽንት መግቢያ፣ የትራምፔትና የሳክስፎን ጩኸት እያሉ ቢጽፉ ምናልባት 19 ይደርስ ይሆናል። ቀጥሎም መሰረዝ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱን ኪቦርዱ ራሱ ያወጣቸዋል፤ አራቱ ደግሞ ያው እልልታና ያው ጭብጨባ በሌላ ዘፈን ውስጥ ተደግመው የተጻፉ ናቸው። የሚተርፈው ሰባት ነው።

ሰባቱ ድምፆች እያንዳንዳቸው በአማካይ 5 ሴኮንድ ቢረዝሙ በጠቅላላው 35 ሴኮንድ ናቸው። በሙዚቃ ሲዲ ደረጃ የተቀረጸ ባለ ሁለት መስመር ድምፅ በሴኮንድ 176,400 ባይት ስለሚይዝ፣ የቡድኑ ሀብት ሁሉ 6 ሜጋ ባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ሻጩ «ይኸኛው 16 ጊጋ ባይት ይይዛል» ብሎ ቢያሞካሽላቸው በትሕትና ፈገግ ብለው ማለፍ ይችላሉ። አንድ ጊጋ ባይት ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ድምፅ ይይዛልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ፓዱን የሚመታው ማን ነው? በምኑስ ይመታል? የሚል ነው። ድራም ተጫዋቹ ከሆነ በዱላ የሚመታ ጠንካራ ፓድ ያስፈልገዋል። ከነዚህ የታወቀው በ2011 የወጣው የሮላንድ ኤስፒዲ ኤስኤክስ ባለ 9 ፓድ ነው፤ ጠንካራና የታመነ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሳምፕል ፓድ የሚላቸውን ባለ 4 እና ባለ 8 ፓድ መሣሪያዎች በዝቅተኛ ዋጋ አውጥቷል፤ ለሰባት ድምፅ ባለ 8ቱ ይበቃል። መቺው ኪቦርድ ተጫዋቹ ከሆነ ግን በጣት የሚመታው ለስላሳው ፓድ ይሻለዋል። የጣቱን ፓድ በዱላ መምታት ገንዘብን በዱላ መምታት ነው፤ አይችለውም። ድምፃዊው ወይም ጊታሪስቱ ከሆነ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ በእግር የሚረገጥ ማብሪያ መፈለግ አለበት። ከ89 ዶላሯ ፒኦ 33 ጋር ሆነን ስንመለከት፣ 35 ሴኮንዱን ድምፅ ትችለዋለች፤ አዝራሮቿ ግን ከአተር ፍሬ ብዙ የማይበልጡ ስለሆኑ በጨለማ መድረክ ላይ ትክክለኛውን አዝራር ማግኘት ዕድል ነው። ለቤት ልምምድ እንጂ ለሠርግ አንመክራትም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ልዩነት አለ። ፓድ ያለው ዕቃ ሁሉ ድምፅ የለውም። ለምሳሌ በ2009 የወጣው የኖቬሽን ላንችፓድ 64 ፓዶች አሉት፤ የአካይ ኤልፒዲ 8 ደግሞ 8 ፓድ ያላት ርካሽ ዕቃ ናት። ሁለቱም ግን ብቻቸውን ከድምፅ ማጉያ ጋር ቢያያዙ አንድም ነገር አያሰሙም። የሚልኩት በ1983 በተደነገገው ሚዲ በተባለ ቋንቋ «ይህኛው ፓድ ይህን ያህል ጉልበት ተመታ» የሚል መልእክት ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ከ0 እስከ 127 ባለው ቍጥር ይገለጻል። ድምፁን የሚያወጣው መልእክቱን የተቀበለው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ርካሹን ፓድ የገዛ ሰው የላፕቶፑን፣ የድምፅ ማውጫውን ሣጥን፣ የገመዱንና የጠረጴዛውን ወጪ ደምሮ ማየት ይኖርበታል። «ላፕቶፕማ አለን» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ ያ ላፕቶፕ የአንዱ አባል የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያለበት ከሆነ፣ ቢራ በሚፈስበት መድረክ ላይ የሚወጣው በነጻ አይደለም።

ከላፕቶፕ ጋር የሚመጣው ሌላው ጣጣ የድምፅ መዘግየት ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ቁራጭ አድርጎ ሲያወጣ አንድ በአንድ ሳይሆን በቋት እያጠራቀመ ነው። ቋቱ 128 ቁራጭ ሲይዝ መዘግየቱ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ 512 ሲይዝ ወደ 12 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል፤ ሌላው የመሣሪያው ውስጣዊ መዘግየትም በላዩ ይጨመርበታል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ 12 ሚሊሴኮንድ ማለት ከድምፅ ማጉያው 4 ሜትር ርቆ እንደ መቆም ነው። ለእልልታ ምንም አይደለም፤ እየፈጠነ ለሚሄድ የጭክጭካ ምት ግን እጅን ያሰንፋል። ቋቱን በጣም ቢያሳንሱት ደግሞ አሮጌው ላፕቶፕ መድረስ ያቅተውና ድምፁ ይንጫጫል። በስልክና በታብሌት ላይ የሚሠሩ እንደ ኮዋላ ሳምፕለር ያሉ ፕሮግራሞች በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፤ ለጀማሪ ከዚህ የረከሰ መንገድ አናውቅም። ሆኖም በገመድ እንጂ በብሉቱዝ ከድምፅ ማጉያ ጋር መያያዝ የለባቸውም፤ የብሉቱዝ መዘግየት ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ ስለሚያልፍ ዱላውና ድምፁ እንደ መብረቅና እንደ ነጐድጓድ ይለያያሉ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት በበኩላችን ሚዛኑ የሚያደላው ድምፁን በራሱ ሆድ ወደሚይዘው መሣሪያ ነው። ከነዚህ መካከል የሮላንድ ኤስፒ 404 ቤተሰብ ብዙ ወዳጆች አሉት፤ በ2005 ከወጣው ከመጀመሪያው ጀምሮ በ2021 እስከ ወጣው ኤምኬ 2 ድረስ በ6 የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ኤምኬ 2 ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ያህል ነበር። በ2023 የወጣው የቲንኤጅ ኢንጂኒሪንግ ኢፒ 133 ደግሞ በ299 ዶላር ቀርቧል፤ እርሱም በባትሪ ይሠራል። እነዚህ ዋጋዎች ዕቃዎቹ በውጭ አገር ገበያ ሲወጡ የነበሩት ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተተመነ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር በጣም ተወዷል፤ ቀረጥና ማጓጓዣም አለ። ስለዚህ ሰባት ድምፅ ብቻ ያለው ቡድን አዲሱን ትቶ የዚያኑ ቤተሰብ አሮጌ ዕቃ ከእጅ ቢገዛ አያፍርበትም።

አሮጌ ዕቃ ሲገዛ የሚመረመረው የውጩ ቆዳ አይደለም። እያንዳንዱ ፓድ አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በኃይል፣ ከዚያም በተከታታይ ሃያ ጊዜ ይመታ፤ ሁለት ጊዜ የሚተኩስ ወይም አልፎ አልፎ የሚዘል ፓድ ካለ የውስጡ ላስቲክ ደክሟል ማለት ነው። ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ገመዱን ሰክቶ ማነቃነቅ ነው፤ ከተንጫጫ የብየዳ ሥራ ይፈልጋል። ካርዱን አውጥቶ መልሶ ማስገባት፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት፣ ድምፆቹም በቦታቸው መኖራቸውን ማየት ይገባል። ሻጩ በዚህ ሁሉ ከተቈጣ ሌላ ሻጭ አለ።

አሁን ከላይ የጠቀስነውን የመሪነትና የተከታይነት ነገር ዘርዘር እናድርገው። አንድ ሳምፕል በሦስት ዓይነት መንገድ ሊጠራ ይችላል። አንደኛው ፓዱ አንድ ጊዜ ሲመታ ድምፁ እስከ መጨረሻው ሄዶ በራሱ የሚያቆምበት ነው፤ ዋንሾት ይሉታል፤ እልልታና የከበሮ ምት የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሁለተኛው ጣት ፓዱ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ የሚሰማው ነው፤ ጌት ይባላል፤ ድምፃዊው ግጥሙን ሲያስረዝም ዋሽንቱን አብሮ ለማስረዘም፣ ሲያቋርጥም አብሮ ለማቋረጥ ይመቻል። ሦስተኛው ሉፕ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነክቶ ከተነሣ አቁም እስኪባል ድረስ እየተመላለሰ ይዞራል። ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት ይህን ሦስተኛውን ነው። ውድ የሆኑት መሣሪያዎችም ውድ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ሉፖችን እርስ በርስ ለማስተካከል፣ ፍጥነታቸውን ለመለዋወጥና በየመስመሩ ለመደርደር ብዙ ብልሃት ስለ ተጨመረባቸው ነው።

ሉፕ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ይሁን እንጂ ሰው እንደ ሰዓት አይሄድም። ሉፑ በደቂቃ 120 ምት ቢሄድና ቡድኑ ሞቅ ብሎት ወደ 122 ከፍ ቢል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሉፑ ሁለት ሙሉ ምት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ገና በ15ኛው ሴኮንድ ላይ በግማሽ ምት ተለያይተዋልና ጭፈራው ከዚያው ይበላሻል። ይህ እንዳይሆን የውጭ አገር ቡድኖች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የምት መቍጠሪያ ለድራም ተጫዋቹ ይሰጡታል፤ እርሱም ሌሊቱን ሙሉ የመሣሪያው ባሪያ ሆኖ ያድራል። በእኛ አገር ዘፈን ደግሞ ድምፃዊው ትዝታን ሲጀምር ያለ ምት ያንጐራጕራል፤ ሲፈልግ አንድ ስንኝ ይደግማል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ያፈጥነዋል፤ ሽልማት የሚያጐርሰው ሰው ሲመጣ ስሙን ጠርቶ ያወድሳል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሉፕ ገና አልተሠራም። በዋንሾት የሚጠራ ከበሮ ግን የሚመታው በሰው እጅ ስለሆነ፣ ቡድኑ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲዘገይ ይዘገያል።

በታሪካችንም የሉፑን ወንድም እናውቀዋለን። ከ1974 በኋላ በነበረው የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ተዳክሞ ትልልቆቹ የነሐስ ባንዶች እየተመናመኑ ሲሄዱ፣ ኋላ ላይ በአንድ ኪቦርድና በውስጡ ተሞልቶ በመጣ ምት መዝፈን የተለመደ ሆነ። ወጪው ጥቂት ነበርና በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። ይሁንና አንድ ዓይነት ምት በየዘፈኑ እየተመላለሰ ጆሮን ማሰልቸቱ የሚካድ አይደለም። በሌላ በኩል ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ የቀረጸውን ካሴት ያዳመጠ ሰው፣ ያው የማይነቃነቅ የድራም ማሽን ከሥሩ ሆኖ አኮርዲዮኑ ከላይ እንደ ልቡ ሲመላለስ ይሰማል። በዚያ ሥራ ማሽኑ መሬት ነው፤ የሚሄደው ሰው ነው። ሙዚቃው ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ የሚከተሉት ድምፃዊ አልነበረም፤ የሠርግ ቡድን ይህን ምቾት አያገኝም።

ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት እናንሣ። በአገራችን መብራቱ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞት የመጣ መሣሪያ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከሌለበትና 120 ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል፤ ጽሑፉን ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ባለው ጊዜ በመብራት ብቻ የሚሠራው መሣሪያ ይሞታል፤ ከተነሣም በኋላ ድምፆቹን እስኪጭን ይጠበቃል። በባትሪ የሚሠራው ግን አይነቃነቅም። ላፕቶፕ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ እያለ በድምፅ ማጉያው በኩል እዝዝዝ የሚል ከሆነ፣ በገመዱ መካከል የሚገባ ዲአይ ቦክስ የሚባል ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ያድናል። ከዚህም በላይ የሰባቱን ድምፆች ቅጂ በሌላ ካርድና በአንዱ አባል ስልክ ላይ ማስቀመጥ ወጪ የለውም።

ድምፆቹን ማዘጋጀት ከመሣሪያው ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ «መሣሪያው ዘገየብን» የሚባለው ችግር የመሣሪያው ሳይሆን በሳምፕሉ መጀመሪያ ላይ ሳይቈረጥ የቀረ ጸጥታ ነው፤ 50 ሚሊሴኮንድ ጸጥታ ካለ የ500 ዶላሩም መሣሪያ ይዘገያል። ኤምፒ 3 በሚባለው መልክ የተቀመጠ ፋይል በራሱ ከፊቱ ትንሽ ጸጥታ ስለሚጨምር ዌቭ የተባለውን መልክ መያዝ ይሻላል። ሰባቱም በአንድ የድምፅ ልክ መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ እልልታው ዋሽንቱን ውጦት ይቀራል። ዋሽንቱ የተቀረጸበት ቃናም ድምፃዊው ከሚዘፍንበት ቃና ጋር መግጠም አለበት። በቀላሉ መሣሪያ ቃናውን ከፍ ማድረግ ማለት ማፍጠን ነው፤ አንድ ግማሽ ቃና ሲወጣ ፍጥነቱ በመቶ 6 ያህል ይጨምራል፤ ሦስት ግማሽ ቃና ሲወጣ በመቶ 19 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ዋሽንቱ የሕፃን ፉጨት ይመስላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ድምፁ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ከሰው ካሴት ወይም ከኢንተርኔት ቈርጦ መውሰድ ቀላል ሆኖ ሳለ ትክክል አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁም መብት ሰጥቷል። ዋሽንት ነፊውን ጋብዞ፣ አበሉን ከፍሎ፣ ለምን እንደሚውል ነግሮና ተፈራርሞ ማስቀረጽ ለሁለቱም ወገን ክብር ነው። ለእልልታውም እናቶችንና እኅቶችን ሰብስቦ ቡና አፍልቶ መቅረጽ ይቻላል፤ ከዚያ የበለጠ እልልታ በየትኛውም የውጭ አገር ዲስክ ላይ አይገኝም።

ቀደም ብለን ያነሣነው የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ሥጋት ወደ እኛ የሚመጣው በዚህ ቦታ ነው። ያ አምስት ሰው ያለበት ቡድን መሣሪያውን ከገዛ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ «ማሲንቆውንስ ቀርጸን ብናስቀምጠው? ገንዘቡ ለአምስት ከሚከፈል ለአራት ይከፈላል» ማለቱ አይቀርም። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ማሲንቆ ግን የድምፃዊውን ትንፋሽ እየጠበቀ የሚመልስ መሣሪያ ነው፤ ድምፃዊው ቃሉን ሲስብ እርሱም ይስባል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ያለቀበትን ቃል ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ተጫዋቹም ዓይኑ ከድምፃዊው አፍ አይነቀልም። ይህን በ5 ሴኮንድ ቁራጭ መተካት የማይቻል ብቻ ሳይሆን፣ የሠርጉ እንግዳም በአንድ ዘፈን ውስጥ ያውቅበታል። ሳምፕል ሊቀመጥ የሚገባው ቀድሞም ሰው ባልነበረበት ወንበር ላይ ነው፤ አምስት ልጆች ሃያ ሴቶችን፣ ሦስት ትራምፔትና አንድ ዋሽንት ነፊ ይዘው በየሠርጉ ሊዞሩ አይችሉምና።

ስለዚህ በደብተሩ ላይ የተጻፉት ሰባት ድምፆች ሰባት እንደ ሆኑ ይቆዩ። ስምንተኛው ፓድ ባዶውን ይደር፤ ወይም ድምፃዊው ውኃ ሲጠጣ ለሚሆን ጭብጨባ ይዋል።